በሩ ሳይከፈት ያለቀው መጽሐፍ

ባለፈው ጁምዓ፣ በእረፍት ቀኔ፣ እዚህ ሳዑዲ፣ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈር በጋራ በተከራየናት ክፍል ጋደም ብዬ ነበር። አብራኝ የምታርፈው ሰናይት በስልኳ ልብ ወለድ ስታነብ ቆይታ «እህቴ፣ ይሄ መጽሐፍ ተቆርጧል መሰለኝ» አለችኝ። ሳየው አወቅሁት። አልተቆረጠም፤ ደራሲው ሳይጨርሰው ነው የሞተው አልኳት። ወዲያው የአባቴ ሱቅ መጣብኝ፤ የስፌት መኪናው ዘይት፣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ።

አባቴ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ክሩን በመርፌ የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ አነብለታለሁ። ያንን ደራሲ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይወደው ስለነበር የመጨረሻ ሥራው ሲታተም ደሴ ሰው ልኮ አስመጣው። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የማትቀረው ግን ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ነበረች። ልጇ ሁሴን በባሕር ወደ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባታል። መጽሐፉም ባሏ ርቆ ስለሄደባት ሴት ነው።

አንድ ቀን መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። በር ተንኳኳ፤ ሴትዮዋ ልትከፍት ተነሳች። ከዚያ በታች ደራሲው እዚህ ላይ ማረፉን የሚናገር የአሳታሚው ቃል ብቻ ነው ያለው። ክርክር ተነሳ። ገሚሱ ባሏ ነው አለ፤ ገሚሱ መርዶ ነጋሪ ነው አለ። መርዶ ሲባል እትዬ ፋጡማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ደራሲው ራሱ አልጨረሰውም፣ ፋጡማ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «እኛ ምን አውቀን ሰው እንገድላለን?»

ከዚያ ወዲያ መርዶ ያነሳ የለም።

ሁሴን ክረምት ላይ መጣ፤ እዚያ ታስሮ ቆይቶ፣ ከስቶ፣ ባዶ እጁን። እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው። እኛ ልጆች የባሕሩን ወሬ ልንሰማ ከበብነው። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። በማግስቱም ተኛ፣ በሳምንቱም ተኛ። ሰው እንዲህ የሚደክመው ምን ሠርቶ ነው እያልን እንገረም ነበር።

ያኔ ከሰዓቱ ረጅም ነበር፤ መጽሐፍ ሲያልቅብን ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን። ዛሬ ከምሠራበት ከመዳም ቤት ወጥቼ ፍራሽ ላይ ስወድቅ አንድ ገጽ ሳላገባድድ ዓይኔ ይከደናል። አባቴ አሁን ጨርሶ አያይም። ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሰሞኑን ምን እንዳነበብኩ ነው። ኢንሻአላህ ስመጣ አነብልሃለሁ እለዋለሁ። ድምፄን ትንሽ ያዳምጥና «በይ ተኚ፣ ልጄ» ይለኛል።