ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ

ልጆቼን ያሳደግኳቸው «ያላነበባችሁትን አትፈርሙ» እያልኩ ነው። እኔ ራሴ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ከሥራ መልስ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው፤ ስለዚህ ይህን ምክር ስሰጥ ድምፄ ከፍ ይላል። የሕንፃችንን ፕላን ግን ሳይገባኝ ፈረምኩ።

የምንኖረው ሶዶ መሀል ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነበር። ስድስት አባወራ፣ ስድስት የጭቃ ቤት፣ ከየጓሮው ጥቂት እንሰት። ከተማው መሀሉ በፎቅ ይሠራ ሲል የአንዳችንም ቦታ ብቻውን አልበቃም። ያለን ምርጫ ቦታችንን አጣምረን በጋራ መገንባት፣ ወይም ዳር ወጥተን ምትክ መውሰድ ነበር። ብዙዎቹ ምትኩን ፈለጉ። በየቤቱ እየዞርኩ «ተበትነን የማን ጎረቤት ልንሆን ነው?» እያልኩ አሳመንኳቸው። ሊቀመንበርም አደረጉኝ።

መሐንዲሱ የቦዲቲ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያየሁት መስመር ብቻ ነው። «ገብቶናል» አልኩና ፈረምኩ። አምስቱም ከእኔ ስም በታች ፈረሙ።

ዕጣ ሲወጣ ላይኛው ፎቅ ደረሰን። እናቴ ይህን እንደሰማች ጠራችኝ። ወገቧ የጎበጠ፣ ምላሷ ግን ቀጥ ያለ ሴት ናት።

«እዚያ ላይ ስሞት በየት ነው የምታወርዱኝ?»

«በደረጃው ነዋ፣ እማዬ።»

«ደረጃው ሳጥን ያዞራል?»

የፕላኑን መስመሮች ለማስታወስ ሞከርኩ።

«የፈረምከው አንተ አይደለህ እንዴ? ሬሳዬ ቆሞ ከቤት አይወጣም። ካላዞረ ጉኑኖ የወንድሜ ልጅ ጋ እሄዳለሁ፤ እዚያ በሩ ሰፊ ነው።»

በማግስቱ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ አልጋዋ ራስጌ አስቀመጠችው። እናቴ ለማስፈራራት ዕቃ የምትቋጥር ሰው አይደለችም። እኔ ደግሞ አንድ ልጇ ነኝ፤ እናቴን በስተርጅና ወደ ዘመድ ቤት ሸኝቼ በዚያ ፎቅ ላይ እንዴት ልተኛ?

ፕላኑን አወጣሁ። የልጄን ማስመሪያ ተውሼ ሦስት ቀን ተቀመጥኩበት። ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ አንድ ሜትር መሆኑ ከገባኝ በኋላ ሌላው እየተከተለ ገባኝ። ከዚያ ደረጃውን በልኩ ግቢው ላይ በአመድ አሰመርኩት። የእድሩን አግዳሚ ወንበር አመጣሁ፤ ርዝመቱ ከሬሳ ሳጥን ጋር ይቀራረባል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በአመዱ መሀል ተሸከምነው። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ ወንበሩ መስመሩን አልፎ ወጣ። ወደ ኋላ መለስነው፣ አጋደልነው፤ አልሆነም።

«ሊቀመንበር፣ ሬሳውን አጥፈን እናውርደው እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። «እኔ እስካሁን የታጠፍኩት ይበቃኛል» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ።

«ፋዘር፣ እኛ የምንሠራው ለሚኖር ሰው ነው» አለኝ።

«የሚኖር ሰው ነው የሚሞተው፣ ልጄ።»

«ፕላኑ ጸድቋል። ደግሞ እርስዎም ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ። ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት።»

ይህን ቃል ከአፌ ማውጣት ከሦስቱ ቀን ጥናት ይልቅ ከበደኝ። ልጁ ግን አልሳቀብኝም። እርሳሱን አንስቶ ማጠፊያውን ማስፋት እንደሚቻል አሳየኝ፤ በየፎቁ ከደረጃው ጎን ያለው ቤት ግን ጓዳው ይጠባል። የሚጠቡት ሦስት ቤቶች ናቸው፦ የእኔ፣ የልብስ ሰፊውና ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ጎረቤታችን። ቁፋሮው ሳይጀመር ስድስታችንም ተስማምተን እንደገና መፈረም አለብን።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም ሰበሰብኩ። ልጆቼም ነበሩ፤ እንዲወጡ ላደርግ አስቤ ተውኩት። ሲሳሳቱ በሰው ፊት የቆጣኋቸው እኔ ነኝና የእኔንም በሰው ፊት ይስሙ አልኩ። «ገብቶናል ያልኳችሁ ውሸት ነበር» ብዬ ጀመርኩ።

ቅቤ ሻጯ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስትገሥጸን የኖርከው በዚህ እውቀትህ ነው? ጓዳዬን ቆርጠህ ልታስተምረኝ?»

ልክ ነበረች። ምድር ቤት የደረሰኝን የዕቃ ክፍል ጓዳቸው ለሚጠበው ለሁለቱ እንደምለቅ ተናገርኩ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ «እኛስ መቼ ገባን? አንተን አይተን ነው የፈረምነው» አለ። ቅቤ ሻጯ ተቀመጠች፤ አሁንም ፊቷን አልፈታችም። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ገጽ አንብብልኝ። የመጸዳጃ ቤቱን በር እንኳ እንዳትዘል።»

አልዘለልኩም። ከሰዓቱን ሙሉ መስመር በመስመር አስረዳሁ፤ እሷም ካልገባት አላሳልፍ አለች። ሁሉም ፈረሙ።

ከዚያ ማስጸደቁ ነበር። ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ እገኝ ነበር። «ነገ ይምጡ» ሲሉኝ በነገው እሄዳለሁ፤ «ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉኝ ስብሰባው እስኪያልቅ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ወንበር ትስብልኝ ጀመር። ማኅተሙ ቁፋሮው ሳይጀመር አረፈ።

ቤታችን ፈርሶ ተከራይተን በቆየንበት ጊዜ ሁሉ እናቴ ቋጠሮዋን አልፈታችም። «ሠርታችሁ አሳዩኝ» ብቻ ነበር መልሷ።

ደረጃው አልቆ፣ ግድግዳው ገና ሳይለሰን ወሰድኳት። ክንዴን ይዛ፣ በየማጠፊያው እያረፈች ላይኛው ፎቅ ደረሰች። ጓዳውን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ «ወንበሩ የታለ?» ስትል ጎረቤቶቼ የእድሩን አግዳሚ ይዘው ወጡ። ተጋደመችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ልብስ ሰፊው ሳቁ አመለጠው። ከነጠላው ሥር «ከፊት ያለው ይጠንቀቅ» አለች።

አራት ሆነን አነሳናት። መጀመሪያው ማጠፊያ ላይ ወንበሩ ሳያጋድል ዞረ፤ በእኔ በኩል ከግድግዳው ጋር አንድ ስንዝር ያህል ተረፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ምድር ላይ ስናሳርፋት ነጠላውን ገልጣ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ደረጃውን ወደ ላይ አየችው።

«በሉ ወደ ላይ መልሱኝ» አለች። «ቋጠሮዬንም አምጡልኝ።»