የሰው ጣቃ፣ የድንግጥ ግብር

ታላቅ እህቴ ከመርፌ በቀር የማትፈራው ነገር የለም። በር ሲንኳኳ ትፈራለች፤ ሳይንኳኳ ከዋለም «ምን ነካቸው ዛሬ?» ብላ ትፈራለች። ሰው ሲስቅ ከሰማች በሷ የሚስቅ ይመስላታል፤ ሲያዝን ካየች ደግሞ ጥፋቱ የሷ ይመስላታል። የረድፉ ነጋዴዎች «ድንግጥ» የሚል ስም አወጡላት። እኔን ስሙ ያናድደኛል። እሷ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን «አቤት» ብላ ተቀበለችው።

ሥራዋ ልብስ መጠገን ነው። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረ ሰው ቀሚስ ከጎኑ ትለቃለች፣ የከሳ ሰው ከሆነ ትሰበስባለች። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ነው ያለው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችውም፣ አስተምራ የዳረቻትም በዚያች መኪና ነው። ሱቋ ከፊት ሲታይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ድሮ መጋዘን የነበረ ሰፊ ጓዳ አለ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጓዳ ነው።

የረድፉ ሰው ግብር የሚጣልበት በግምት ነው። በዓመት አንዴ ገማቾች ይመጣሉ፤ ሱቁን ያያሉ፣ ዕቃውን ያያሉ፣ «ይህ ሰው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብለው ይጽፉና ይሄዳሉ። እንግዲህ የሚገመተው የሚታየው ከሆነ፣ ብልሃቱ የሚታየውን መቀነስ ነው። ገማቾቹ ሊመጡ ነው በተባለ ሰሞን የረድፉ ዕቃ እግር ያወጣል። የባለጣቃው ጨርቅ፣ የባለድስቷ ድስት፣ የባለጫማው ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ተሸክሞ እህቴ ጓዳ ይገባል። ገማቾቹ ደግሞ የእህቴ ደጃፍ ላይ ደርሰው መኪናዋን ሲያዩ «ጠጋኝ ናት» ብለው ያልፋሉ። ጓዳ ይኖራታል ብሎ የሚያስብ የለም።

እምቢ እንዳትል፣ ሥራዋ ከነሱ ነው የሚመጣው። ባለጣቃው ጨርቅ የሸጠለትን ሰው «እዚያች ጠጋኝ ጋ ውሰደው» ካላለ፣ መኪናዋ ጦሟን ትውላለች። ስለዚህ በየዓመቱ «እሺ ጋሼ» ትላለች፤ ከዚያም በየዓመቱ እንቅልፍ ታጣለች። አንድ ጊዜ ባለጣቃውን ደፍራ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እሳት ቢነሳስ? እርስዎ ኢንሹራንስ ገብተዋል አሉ...»

«የኔ ኢንሹራንስ የሚያውቀው የኔን ሱቅ ነው፤ ያንቺን ጓዳ አያውቅም። ደግሞ አፍሽን በመልካም ክፈቺ!» አላትና ሳቀ።

ቢስቅ ምን ይገርማል? የኢንሹራንሱም ሰው ክፍያውን የሚተምነው በዚያው ሰሞን መደርደሪያውን አይቶ ነው። መደርደሪያው ሲጎድል ግብሩም ይቀንሳል፣ የኢንሹራንሱም ክፍያ ይቀንሳል። የማይቀንሰው የእህቴ ስጋት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ባሰባት። «ሌባ ይገባል፤ የሰው ዕቃ ቢጠፋ በምን ዕድሜዬ ከፍዬ እጨርሳለሁ?» እያለች ሰነበተችና፣ የኔን ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ገዝታ የጓዳውን በር ቆለፈችበት። እኔ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ ስለሆንኩ እሷ ጋ ነው የምውለው። ጓጉንቸሩን ሳየው ሳቄ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ የባንክ ነው የጓዳ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ዕቃው የሰው ነው» አለችኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ገማቾቹ የመጡት ገና ከመድረሴ ነው። እንደወትሮዎቹ አይደሉም። አንዲት ረጋ ያለች ወጣት ሴትና አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ናቸው። ልጅቷ መኪናዋን አየች፣ የተሰቀሉትን ሱሪዎች አየች፣ ሄደች ስንል መለስ ብላ በመጋረጃው ክፍተት ጓጉንቸሩ ላይ ዐይኗ አረፈ።

«እናቴ፣ ውስጥ ምን ቢኖር ነው እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚያስፈልገው?»

«ቁልፉ ጠፋብኝ» ብትል ምን ነበረበት? እህቴ ግን መዋሸትም ትፈራለች። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ሁለቴ ወደቀባት፤ እኔው አንስቼ ሰጠኋት። በሩ ሲከፈት ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ድስቱ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ሸፍኗል፤ ጥጉ ላይ ሁለት ጆንያ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ልጅቷ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ አየች።

«ይህ ሁሉ የማን ነው?»

እህቴ ወደ ውጭ ተመለከተች፤ እኔም ተከትዬ ተመለከትኩ። ባለጣቃው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። ባለድስቷ መጥረጊያ ይዛ የተጠረገ ደጃፍ ትጠርጋለች። ባለጫማው አቀርቅሯል።  ጣቷን እነሱ ላይ ብትቀስር ነገ ማን ሥራ ይልክላታል? ዝም ብትልስ እነዚህ ምን ያደርጓታል? ሁሉንም ባንዴ ስትፈራ አንድ ቃል አመለጣት።

«የኔ ነው» አለች።

ልጅቷ ጻፈች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለሷ ነው።

ገማቾቹ ሲሄዱ ረድፉ ሁሉ ተንጋግቶ መጣ። «አንቺ አንበሳ!» አላት ባለጣቃው፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «ዛሬ ያዳንሽን አንቺ ነሽ። የሚመጣው ግብር የሁላችን ነው፤ አንድ ሳንቲም አናስወጣሽም።» ባለድስቷ ጉንጯን ሳመቻት። ዕቃውን ግን ያነሳ የለም። ግምቱ እስኪለጠፍ ድረስ ገማቾቹ ሳይታሰብ ይመለሳሉ ተብሎ ይፈራል፤ እስከዚያ እዚያው ይቆይ ተባለ። እህቴ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ያሳጠረችው ሱሪ አንዱ እግሩ ረዝሞ ተገኘ። እንዲህ ያለ ስህተት ሲያጋጥማት አይቼ አላውቅም።

ግምቱ ተለጠፈ። የባለጣቃው ወርዷል፣ የባለድስቷም ወርዷል። የእህቴ ግን የሚነበብ አልነበረም፤ ዓመት ሙሉ ሳትበላ ብትሰፋም አትደርስበትም። በጊዜው ካልተከፈለ ሱቁ ይታሸጋል፤ መኪናዋም ለዕዳው ይያዛል። አንብቤ ነገርኳት። ቀስ ብላ ሄዳ መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ላይዋ ላይ አሳረፈች። «ልጄ እንዳትሰማብኝ» አለች። 

በማግስቱ ባለጣቃው ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። እሷ በሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላዋ ቆመናል።

«ረድፍ ማለት ቤተሰብ ነው፤ ለሁላችን እኩል ይካፈል» ሲል ባለጣቃው ጀመረ።

«እኩል?» ባለድስቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የኔ ጥቂት ድስት ካንተ የጣቃ ተራራ ጋር እኩል?»

«የምን ተራራ? ትንሽ ጨርቅ እኮ ናት ያስቀመጥኩት!»

«እኔማ ምን ነበረኝና። ግማሹ ክዳን ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ገማች በሌለበት፣ እርስ በርሳቸው፣ ዕቃቸውን ያሳንሳሉ! ጣቃው ከጣሪያ ወርዶ ወርዶ አንድ መሐረብ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ባለጫማው ብቻ ከጥግ ሆኖ «እኔ ሁለት ጆንያ ነበረኝ። የሁለት ጆንያ ልክ እከፍላለሁ» አለ። የሰማው የለም። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ባለጣቃው ሰለቸውና ፊቱን ወደ እህቴ አዞረ።

«ለነገሩስ፣ ማን የኔ ነው በይ አለሽ? አላውቅም አይባልም?»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዐይናችሁን በጨው ታጥባችኋል!» ስል እህቴ እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።  «ተዪ፣ ተዪ፣ ጥርስ ውስጥ አታስገቢኝ» ትለኛለች። ጥርስ ውስጥ ከገባች ዓመታት እንዳለፉ አታውቅም።

ወደ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ እንድትሄድ ስለምናት ሰነበትኩ። የሄደችውም ስለደፈረች አይደለም፤ የመታሸጉ ፍርሃት ከቢሮው ፍርሃት ስለበለጠባት ነው። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ሦስት ጊዜ «እንሂድ» አለችኝ፤ ሦስቴም ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ኃላፊው መነጽራም ሽማግሌ ነው። ያቺ ገማች ልጅም አጠገቡ ቆማለች።

«ዕቃው የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው?» አላት ኃላፊው።

«ስም አልጠራም፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«እነሱን እፈራለሁ። እናንተንም እፈራለሁ። ሱቄ እንዳይታሸግም እፈራለሁ። መጥታችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው።» ይህን ተናግራ አለቀሰች። ልጅቷ ወንበር ሳበችላት።

መጡ። ኃላፊው የጓዳውን በር አስከፍቶ ረድፉን ሁሉ ጠራ። «እዚህ ውስጥ የራሱ ዕቃ ያለው ሰው ይምጣና ያንሳ» አለ። «ያነሳው ሰው ግምቱ ባነሳው ልክ ይስተካከላል፤ ከእርሷም ላይ ይቀነሳል። ሌላ ቅጣት የለም።» ቀጥሎ በተራ ጠየቀ።

«የእርስዎ አለበት?»

«የኔ? የለበትም» አለ ባለጣቃው። ድምፁ እንኳ አልተሰበረም። ያን ጊዜ ገባኝ፦ እሷ ፈሪ ናት፤ ነገሩ ሲበርድ ሄጄ «አምጪ» እላታለሁ፣ ትሰጠኛለች ብሎ ነው።

«የእርስዎስ?»

ባለድስቷ ባለጣቃውን አየት አደረገችና «የኔም የለበትም» አለች።

 ባለጫማው፣ ሦስት ልጆቹን እያሰበ ይሆናል፣ ከሰዉ መሃል ወጣ ብሎ ቆመ። «ሁለቱ ጆንያ የኔ ናቸው» አለ። ገብቶ አንዱን በትከሻው፣ ሌላውን እየጎተተ ወጣ። ባለጣቃው በዐይኑ ሊበላው ደረሰ። ከሱ በኋላ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም።

«እንግዲያው የቀረው ዕቃ የእርስዎ ነው፤ ጆንያዎቹ ተቀንሰው ግምቱ ይጸናል» አለ ኃላፊው ወደ እህቴ ዞሮ። «የቀሩት በሰው ፊት የኛ አይደለም ብለዋል። ከእንግዲህ ሲሸጡ ደረሰኝ ይቁረጡ፤ ያለ ደረሰኝ የሸጠ ይቀጣል።»

እህቴ የሰማችው «ግምቱ ይጸናል» የሚለውን ብቻ ነው። ክንዷን ይዤ አስገባኋት። እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳብሰለስለው አድሬ ነገርኳት። «አበድሽ እንዴ!» አለችኝ። ቢሆንም ያንኑ ሳምንት ሄዳ ደረሰኝ አሳተመች፤ ቅጣት ሲባል የምትሆነውን አታውቁም።

ነገሩ የበረደ ሲመስለው ባለጣቃው ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ መጣ። እንደ ቤቱ ሰተት ብሎ ገባ።

«በይ እህቴ፣ ክፈቺልኝ። ጨርቄን ላንሳ።»

እህቴ ከመኪናዋ ተነሳች።  ልትከፍትለት ነው ብዬ ነበር።

«የትኛውን ጨርቅ ጋሼ?»

«እንዴት የትኛውን? የኔን ነዋ!»

«እርስዎ የለኝም ብለዋል። በሰው ፊት ነው ያሉት።» ቁልፉን ከነቀሚሷ ጨበጠች። «የኔ ነው ተብሎ ግብር ተጥሎብኛል። ሱቄን ሊያሽጉብኝ ነው። ከፈለጉ እሸጥልዎታለሁ። ዋጋው የተጣለብኝ ግብር ነው፤ የድስቱን ድርሻ ከባለድስቷ እቀበላለሁ።»

ጮኸ፤ ሥራ እንደማይልክላት ነገራት፤ ረድፉን ሁሉ እንደሚያሳድምባት ነገራት። እያንዳንዱ ቃል ሲመታት አየሁ፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዐይኗን ጨፍና ቆመች፤ ቁልፉን ግን ከአንገቷ አላወጣችም። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ገንዘቡን ይዞ ነበር፤ ጨርቁ ከግብሩ በላይ እንደሚያወጣ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በቃ፣ እንዳልሽው። ደረሰኙን ግን ተዪው። በኔ ስም ከተቆረጠ ይህ ሁሉ ጣቃ እኔ ጋ እንዳለ ከርሞ ያውቁብኛል።»

እህቴ ብዕሩን አነሳች። 

«ያለ ደረሰኝማ እፈራለሁ፣ ጋሼ። በማን ስም ልጻፈው?»