በጣም የማያጠራ ማጣሪያ

ልብስ ሰፊው ማጣሪያ ሊገዛ የሄደው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው። ያለ ሜትሩ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ትርፍ አንጀቱ ሲወጣለት እንኳ ነርሶቹ ለምነው ነው ያስወለቁት። ጌጠኛ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የኩሬ ማጣሪያዎች አንድ በአንድ አወረደ፤ ውስጣቸው ያለውን ስፖንጅ እያወጣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል እያሸ መረመረ። ከአንዱ ላይ ክር መዝዞ በክብሪት ሊያቃጥል ሲል ሻጩ ቀማው። ሁሉም ጥሩ ጥሩ ዕቃ ነበር። ያበሸቀውም ይኸው ነው።

«ከነዚህ ሁሉ በጣም የማያጠራው የቱ ነው?» አለ።

«አልገባኝም ጋሼ።»

«ማጣሪያ መሆኑ ይታወቅ። ድምፅ ያሰማ፤ ውሃውንም ያንቀሳቅስ። ግን እንዲያው... ብዙ እንዳያጠራ።»

ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። «ማጣሪያ በዓሣው ብዛት ነው የሚመረጠው። ስንት ዓሣ ነው ያለዎት?»

«አንድ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖብኝ ነው።»

«በአንድ ዓሣ ነው ውሃው አረንጓዴ የሆነብዎት? ይሄ ነገር አይመስለኝም። ለመሆኑ ያ ከኔ የወሰዱት ባለ ቀይ አናቱ ደህና ነው? የሱ ዓይነት እኮ ዘንድሮ አለቀብኝ፤ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰው ሁሉ እሱን ካልሰጠኸኝ ይላል።»

ልብስ ሰፊው ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ በል እንጂ!» ብሎ ባዶ እጁን ከሱቁ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩሬው ከጓሮው አጥር ሥር፣ ከሎሚው ዛፍ አጠገብ ያለ፣ ሰው ቢገባበት ጉልበቱን የማያልፍ ጉድጓድ ነው። ያስቆፈሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ነበሩ። በእርጅናቸው ምን እንደታያቸው አይታወቅም፣ ኮይ የሚባለውን ጌጠኛ ዓሣ ገዝተው አስገቡበት፤ ሰውነቱ ወተት የመሰለ፣ አናቱ ላይ ብቻ ክብ ቀይ ነገር ጣል ያለበት። ባለቆቡ አሉት። ልብስ ሰፊውን ወደውት አያውቁም፤ ባለቆቡን ግን ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዱት ነበር። ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ትተው ልብስ ሰፊውን አስጠሩና፣ «አንተ፣ ሱሪ ማሳጠር ታውቃለህ፤ የባለቆቡን ዕድሜ ግን እንዳታሳጥርብኝ» አሉት። እሱም ማለላቸው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። እናቷ ሲሞቱ አላለቀሰችም፤ ሰው ሁሉ እስኪገርመው ድረስ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ይልቅስ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ደረቅ ዳቦ ይዛ ኩሬው ዳር ትቀመጥና የሆስፒታሉን ወሬ ሁሉ ለባለቆቡ ታወራለታለች። ማን መንታ እንደወለደች፣ የትኛው ሐኪም እንደጮኸባት፣ የትኛው አባት ራሱን ስቶ እንደወደቀ፤ ድሮ ለእናቷ ታወራ የነበረውን ሁሉ። ልብስ ሰፊው ከመስኮቱ ጀርባ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ያያታል።

ታዲያ አንድ ቀን ሚስቱ ተረኛ ሆና ውጭ ባደረችበት ጠዋት፣ ባለቆቡ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ሰማይ ተደፋበት። የፈራው ቁጣዋን አይደለም፤ ቁጣዋንማ ለምዶታል። የፈራው ዳቦዋን ይዛ ወጥታ የምታወራው ስታጣ ነው። ከሙሽራ ሱፍ በተረፈ ጥሩ ጨርቅ፣ ገበር ሳይቀር አድርጎ ጠቀለለውና ሎሚው ሥር ቀበረው። ከዚያም ሱቁ በር ላይ ቆሞ እስኪከፈት ጠብቆ ሌላ ባለቆብ ገዝቶ አስገባ። አዲሱ ልክ ያንኑ ነበር፤ ቆቡ ብቻ ወደ ግራ ዓይኑ ዘመም ይላል። ይሄ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ኮሌታው የተጣመመ ሰው ሲያይ፣ ባያውቀውም አስቁሞ የሚያቃና ነው። ቆቡን ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል።

ደግነቱ አዲሱ ዓሣ ዓይን አፋር ሆኖ ሰነበተ፤ ታች ድንጋዩ ሥር ተደብቆ አልወጣ አለ። እሱ ሳይላመድ ውሃው አረንጓዴ እየሆነ መጣ፤ ቆይቶም ከዓሣው አፍንጫ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ሚስቱ ዳቦውን ትጥላለች፣ ከሥር የሆነ ነገር ላፍ ያደርገዋል፣ እሷም ወሬዋን ትቀጥላለች። ልብስ ሰፊው እፎይ አለ። ያ አረንጓዴ ውሃ ሰው ቢሆን ኖሮ በነፃ ሙሉ ልብስ ይሰፋለት ነበር።

ይህ ሁሉ ሰላም የሚስቱ ታላቅ እህት እስክትደውል ነበር። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ስልክ ስታወራም ሰልፍ ላይ እንደቆመች ነው።

«እሁድ እመጣለሁ» አለች። «የእማዬን ዓሣ በዓይኔ ካላየሁ ይዤው ነው የምሄደው!»

የማይታይ ዓሣ እንዴት ተይዞ እንደሚኬድ የጠየቃት የለም። ቤቱ ግን ማጣሪያ፣ ማጣሪያ ሲል ሰነበተ። ከጓሮ ክፍሉ የሚኖረው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ሹፌሩ፣ ከሁሉ በላይ ጮኸ።

«ማጣሪያማ የግድ ነው! ብቻ ጋሼ፣ ውሃው በጣም ከጠራ አይበርደውም ትላለህ?»

«ይበርደዋል እንጂ» አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ። «ደግሞ ፀሐዩ ዓይኑን ይጎዳዋል። መካከለኛ ነገር ቢሆን ነው የሚሻለው።»

ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለ አስተዋይ ቤተሰብ ስለሰጠው ፈጣሪውን አመሰገነ። ለምን እንደዚህ እንደሚሉ ግን አልጠየቀም፤ የራሱ ጉድ ይበቃዋል።

ሱቁ የማይረባ ማጣሪያ ስላልነበረው፣ የማይረባውን ራሱ ሊሠራ ቆረጠ። ሹፌሩ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፓምፕ ፈታለት። እሱ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ በርሜል አመጣና፣ ደንበኞች ከድሮ ኮታቸው አውጣልን ያሉትን፣ በጆንያ ያጠራቀመውን የትከሻ ስፖንጅ ሊጠቀጥቅበት አሰበ። ስፖንጁን የሚይዘውን ከረጢት በሳሳ ጨርቅ፣ በሰፋፊ ስፌት፣ ውሃው ሲመታው ተተርትሮ እንዲበተን አድርጎ ሊሰፋው ነበር ሐሳቡ።

እጁ እምቢ አለ። አንድ ሰፊ ስፌት ሰፋ፤ አየው፤ ፈታው። ደግሞ ሰፋ፤ ደግሞ ፈታው። አርባ ዓመት ቀጥ አድርጎ የሰፋ እጅ ዛሬ አጣመህ ስፋ ቢሉት ከየት ያመጣዋል? የሳሳውን ጨርቅ ወረወረና ጥቅጥቅ ያለ ሸራ አነሳ፤ ድርብ ስፌት ሰፋለት፤ አፉን ዘመዘመ። የትከሻውን ስፖንጅ ከሻካራ ወደ ለስላሳ በየረድፉ ደረደረ፤ ኮት ውስጥ ገበር እንደሚደረደረው። ጨርሶ ራቅ ብሎ ሲያየው በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ነገር ሆኖ አገኘው። ላብ አጠመቀው።

«ጎሽ!» አለ ሹፌሩ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ቅዳሜ ማታ ውሃው ገና ቀጭን ሻይ ይመስል ነበር። እሁድ ጠዋት ታላቅ እህት ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ ሰላምታውን አሳጥራ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። ሌሎቹም ፍርድ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት።

ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል። ከውስጡ አራት ባለቆቦች ሽቅብ ያዩአቸዋል።

ሹፌሩ ግንባሩን መታ።

«ጋሼ ይቅር በለኝ! መኪናዬን ሳጥብ ሳሙናው ወደ ኩሬው ፈሰሰ። ዓሣው በማግስቱም በሳልስቱም ብቅ አልል ሲለኝ፣ ሞቶ ድመት ወሰደችው ብዬ... አንዱ የኔ ነው።»

«አንተም?» አለች ሚስቱ። «እኔ ደግሞ የሻገተ ዳቦ ሰጥቼው ገደልኩት ብዬ ነው። ለእማዬ የማለው እሱ ስለሆነ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ አንዱን አስገባሁ።»

ታላቅ እህት ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። «ያን ጊዜ መጥቼ ሳድር» አለች፣ የዳይሬክተርነት ድምፅዋ ጠፍቶ፣ «ኬክ ሰጠሁት። ጠዋት የለም። ምን ላድርግ? ሌላ አስገባሁ፤ ሳይነቃብኝ ይዤው ልሄድም ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አያት። «ታዲያ ሞቷል ካልሽ፣ ያን ሁሉ ጠዋት ለማን ነበር የምታወሪው?»

«ለአንተ ነዋ። ከመስኮቱ ታየኝ አልነበር? ካቆምኩ ትነቃብኛለህ ብዬ!» አለችና በድንገት ፊቷ በራ። ጣቷን ወደ ውሃው ቀሰረች። «ቆይ እንጂ! አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የእትዬ። አራተኛው እኮ የእማዬ ነው! ባለቆቡ አልሞተም!»

ታላቅ እህት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሹፌሩ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሚስቱ የባሏን ክንድ ያዘች፤ ፊቷ ላይ ያለው ደስታ እናቷ ከታመሙ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ነበር።

«የቱ ነው? አንተ ታውቀዋለህ። አሳየኝ።»

ቆቡ ወደ ግራ የዘመመው ከፊቱ ዞር ዞር ይላል። ያ ነው ቢላት በቃ፣ አለቀ፤ አማቱም በውሃ ውስጥ ኖሩ፣ ሚስቱም ወሬዋን ቀጠለች። አፉን ከፈተ። አፉም እንደ እጁ እምቢ አለ።

«ሎሚው ሥር ነው» አለ። «በጥሩ ሱፍ ጠቅልዬዋለሁ። አራተኛው የኔ ነው።»

ሚስቱ ወደ ሎሚው አየች፤ ከዚያ ወደ ውሃው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እነሱ።

«አራት ነን፤ አራት ናቸው» አለች። ክንዱን ለቀቀችና፣ «እማዬ የለችማ።»

እንባዋ ያኔ መጣ። እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች፤ ልብስ ሰፊው ምን እንደሚያደርግ ጠፋበትና ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው፤ በሁለት እጁም አቀፋት። ታላቅ እህትም አለቀሰች፤ በመሃሉ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ያን ሁሉ ሎሚ ልካችሁልኝ በልቼዋለሁ እኮ!» ስትል እንባና ሳቅ ተቀላቀለባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ዳቦዋን ይዛ ስትወጣ የመስኮቱን መስታወት አንኳኳች። ወጣ። ከጎኗ አስቀመጠችውና አርብ ዕለት ስላዋለደቻት ሴት፣ ስለ ጮኸባትም ሐኪም፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ወደ ሥራ አልሄደችም፤ የማጠቢያ ማሽኑ ፓምፕ ለአራት ዓሣ አይዘልቅም ብለው ተያይዘው ሱቁ ሄዱ።

ሻጩ ልብስ ሰፊውን ሲያይ ማጣሪያዎቹን ከእጁ ሊያርቅ ተነሳ።

«በጣም የሚያጠራው የቱ ነው?» አለው ልብስ ሰፊው።

«ስንት ዓሣ ነበር ያሉኝ?»

«አራት» አለች ሚስቱ። «የሁላችንም ነው። በደንብ እንዲታዩን እንፈልጋለን።»