ማሩ እስኪመጣ

የሬድዮ ድራማ ላይ የምንወደው ሰው በድንገት ሲጠፋ «ለትምህርት ሄደ» ይሉናል። እሱ ካልሆነ መኪና ይገለብጡበታል። ሁለቱም ሲሰለቻቸው በዚያው ስም ሌላ ሰው ያስገቡና ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። እኛም ድምፁ እየጎረበጠን ሦስት አራት ሳምንት እናኮርፍና እንለምደዋለን። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የመኝታ ቤት ጓደኞቼ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ሲያለቅሱ እኔ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። አንዷ ልብ የለሽም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ልብማ አለኝ። ግን እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በሰው ቦታ ገብቼ ስለማውቅ የሬድዮኖቹ ዘዴ አይዋጥልኝም።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም ነው፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ።

ቀበሌያችን የራሱ ድራማ ነበረው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት፣ ከስብሰባው በኋላ አዳራሹ ውስጥ ይታያል። ሕዝቡ ስብሰባውን ችሎ የሚቀመጠው ለድራማው ብሎ እንደሆነ ሊቀመንበሩም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ስብሰባውን ሁልጊዜ የሚያስቀድመው። መጀመሪያ የተሠራው ሰው መሠረተ ትምህርት እንዲማር ለመቀስቀስ ነበር፤ አንድ ቀን ታይቶ ሊያበቃ። ሰዉ «ከዚያስ?» እያለ ሦስት ዓመት ቆየ። ታሪኩ ይህን ያህል ነው፦ ጠላ የምትሸጥ ባልቴት አለች፤ ፊደል የቆጠረች ሴት ልጅ አለቻት፤ ሁለቱን ለማታለል የሚመላለስ አንድ ስስታም ነጋዴ አለ። ልጅቷ እናቷን ፊደል ስታስቆጥር እናትየው ትሳሳትና ፊደሉን ትሳደባለች። ሰው በሳቅ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

እናትየዋን የምትጫወተው ሴት በኑሮዋ ጥጥ እየፈተለች የምታድር፣ ባሏን ከፈታች የቆየች፣ ያልወለደች ሴት ናት። እኛ እትዬ እንላታለን። ልጅቷን የምትጫወተው ደግሞ ጎረቤታችን የነበረች፣ ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ልጅ ናት። የምታምር አልነበረችም፤ ግን እሷ ዝም ስትል አዳራሹ ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ሥራዬ መጋረጃ መሳብ ነበር። ገመዱን ይዤ የእሷን ቃል አንድም ሳይቀር ሸምድጄዋለሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ቦታዋን እመኝ ነበር። አንድ እሑድ ብትታመም ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ብዙ አይደለም፣ ጉንፋን ብቻ።

ጉንፋኑ አልያዛትም። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ጥሎን አለፈ፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ከተማ ዳር የነበራቸው መሬት ዘሩን እንኳ ሳይመልስ ቀረ። አባቷ በሬዎቹን ሸጦ ሲጨርስ ለወለጋ ሠፈራ ተመዘገበ።

የሄዱበት ጠዋት አሁንም በእንቅልፌ ይመጣብኛል። ጉሙ ወርዶ ነበር፤ ዝናብ የሌለው፣ እንዲያው የሚሸፍን ጉም። የጭነት መኪናው ጎማ አይታይም፤ ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ አየር ላይ ተቀምጠው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እሷ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ አጎነበሰችና ቀስ ብላ፣

«ስትገቢ አትሩጪ» አለችኝ።

መድረክ ላይ ማለቷ ነው። ቦታዋን ለእኔ ይስጡኝ አይስጡኝ ገና ማንም አልተናገረም ነበር። እሷ ግን ታውቃለች። ስመኝም ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። መኪናው ተነሣ፤ ጉሙ ገጠመ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የቀበሌው የኪነት ቡድን ኃላፊ የትምህርት ቤታችን አስተማሪ ነበር፤ ሬድዮ የሚወድ ሰው። በቀጣዩ እሑድ ልክ እንደ ሬድዮኖቹ አደረገ። ነጋዴው ደብዳቤ ይዞ ይገባና ልጅሽ ለትምህርት ደሴ ሄዳለች ብሎ ለእናትየው ያነብላታል። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ ሐሙስ ዕለት መኪና ላይ አይተናት የለም ወይ፣ ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ለጎረቤታቸው ብለው የተናገሩት ለሁላችንም ተሰማ። ሳቅ ተነሣና መሐል ላይ ሞተ። ከሁሉም ቤት ያ መኪና ላይ አንድ ሰው ነበረዋ።

ደብዳቤው ሲከሽፍ በሚቀጥለው ጊዜ ምትክ የማስገባቱ ዘዴ መጣ፤ ምትኳ እኔ ነኝ። የእሷን ቀሚስ አለበሱኝና ገባሁ። ሮጬ ነው የገባሁት፤ ምክሯን የት አስታውሼ። እትዬ ከእንስራዋ ቀና አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ያህል የተሳቀበት ቀን ለወራት አልነበረም። እኔ ድርቅ ብዬ ያንቺ ነኝ እማዬ አልኳት። እኔ ልጄን አውቃታለሁ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። መጋረጃው ይዘጋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተዘጋም። የሚዘጋው እኔ ነበርኳ። የሰው ቀሚስ ለብሼ በሕዝብ ፊት ገመዱ ድረስ ሄጄ ራሴን ዘጋሁ።

እትዬ ከዚያ ወዲያ አልጫወትም አለች። እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም፤ በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ፈትሏን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ድራማ እኮ ነው፣ አንድ ሰው ሲሄድ ሌላ ሰው ይገባል፣ ሥራችንን አታበላሺ፣ ያልኳት ብዙ ነው። እንዝርቷን ሳታቆም አስጨረሰችኝ። ከዚያ፣

«ለሞተ ይለቀሳል» አለች፤ «የሄደውን ዘመዱ ይሸኘዋል። እኔ ምኗ ነኝ ብዬ ላልቅስ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ እሷን እማዬ የሚል አፍ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ልጅቷ ለምዶባት ውኃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትገናኛት ሁሉ እማዬ ትላት ነበር። አሁን ያ አፍ ወለጋ ነው። ይህንን ሰምቼ አዘንኩላት ብል እዋሻለሁ። እሺ እኔስ እማዬ ብልሽ ምን ችግር አለው፣ ነው ያልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ልጅ ቀሚስ ለብሶ አይሆንም፤ ወይ ይወለዳል ወይ ይጠባል።»

ይህን ሮጬ ለአስተማሪው ነገርኩት። የጡት ልጅነት አገር ያወቀው ነው፦ አዋቂም ቢሆን ልጅ ሊሆን የፈለገን ሰው፣ እናት የምትሆነው ሴት ማር የነካ አውራ ጣቷን ታጠባዋለች፤ ምስክር ፊት ከጠባ በቃ፣ ልጇ ነው። አስተማሪው አንድ ሌሊት አላባከነም። ድርቅ ያባረራት አንዲት ልጅ የባልቴቷን በር ታንኳኳለች፣ ባልቴቷም ታጠባታለች ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ የፊውዳል ልማድ ነው ብሎ ሊሰርዘው ነበር፤ የጭቁኖች አንድነት ነው ሲሉት ለስለስ አለና ልጅቷ ከጠባች በኋላ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገር አለ። ያንንም ሸመደድኩ።

እትዬ እሺ አለች። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

እሑዱ ደረሰ። ማር የሚባል ነገር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ንቦቹም እንደ ሰዉ አገር ለቀው ነበር። ስለዚህ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር በጥብጠን ቅራሪ ጠብ አድርገን አቀላነው። በሩን አንኳኳሁ፤ ሳልሮጥ ገባሁ። ተንበረከክሁ። እትዬ አውራ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ነከረች። ያኔ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሼህ ከዘራቸውን አነሡ። ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለስብሰባ ነው የምመጣው ይላሉ እንጂ አንድም ክፍል አምልጧቸው አያውቅም።

ምንድን ነው እሱ፣ አሉ። አስተማሪው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ስኳር መሆኑን ተናገረ።

«ጡት በውሸት አይጠባም» አሉ ሼሁ። «ይህ ሁሉ ሰው እያየ ከጠባች፣ ጠባች ነው። ቆዩ።»

ማንንም አልላኩም። ለመድኃኒት ያስቀመጡት ማር እንዳላቸው ተናግረው ራሳቸው ወጡ፤ ከዘራቸው ደረጃውን ሲወርድ፣ ከዚያ ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማን ነበር። ከዚያ መሰማቱን ተወ።

ምን ያህል እንደጠበቅን አላውቅም። እኔ ተንበርክኬ፣ እትዬ አውራ ጣቷን እንዳነሣች። ከጣራው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ተንጠልጥሎ አቧራው በላዩ ይወጣል ይወርዳል። በተከፈተው በር ጉሙ ቀስ ብሎ ገባና የኋላዎቹን ሰዎች ዋጣቸው፤ ቀጥሎ መካከለኞቹን። ሴቶቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ ነገር ያንጎራጉሩ ጀመር፤ መንዙማ ይሁን የእንቅልፍ ዜማ አልለየሁትም። ረሃብ የሰውን ዓይን ያተልቃል፤ በዚያ ጉም ውስጥ ዓይን ብቻ ነበር የሚታየኝ። በሩ ጥግ ብርድ ልብስ ታቅፋ የተቀመጠች ልጅ ያየሁ መሰለኝ። ደግሜ ሳይ ምሰሶ ነው።

ጉልበቴን አመመኝና ነቃሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ማሩ ከመጣ የማገኘው ቦታ የመድረክ አይደለም። ይህች ሴት ስትታመም የማስታምማት እኔ ነኝ። የምቀብራት እኔ ነኝ። ልነሣና ልወጣ እችል ነበር፤ እኔ ደግሞ ከየትም ቀድሜ የምወጣ ሰው ነኝ። ቀና ስል ዓይኗ ጉልበቴ ላይ ነው። እሷም የምትጠብቀው ማሩን አልነበረም። እነሣ እንደሆነ ለማየት ነው።

አልተነሣሁም።

ሼሁ ተመለሱ። በትንሽ ብልቃጥ፣ ቂጡ ላይ የረጋ ነጭ ማር ነበር። ለእትዬ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሩና የወለደቻት እናት ትፈቅዳለች ወይ ብለው ጠየቁ። እናቴ መሐል ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሣች።

«ትውሰዳት። ይህችን ልጅ አንድ ሰው ብቻውን አይችላትም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እናቴ ግን ስትቀመጥ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እትዬ ማሩን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ወደ አፌ አስጠጋችና እዚያው አቆመችው።

«እህት አለሽ» አለችኝ። «ከእሷ ቀጥለሽ ነው የተወለድሽው። ቦታዋ ላይ አልተቀመጥሽም።»

እሺ አልኩ። ጠባሁ። ማሩ አሸዋ አሸዋ ይል ነበር፤ የጥጥና የጢስ ጣዕም ነበረው። እልልታው ከጉሙ ውስጥ መጣ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ሊቀመንበሩም አሚን አለና ግራ ቀኙን ቃኘ። የኅብረት ሥራ ማኅበሯን ነገር ማንም አላስታወሳት።

ከዚያ በኋላ ድራማው ከአንድ ዓመት በላይ ሄደ። በየክፍሉ እኔ «ከእህቴ ደብዳቤ አልመጣም?» እላለሁ፤ እትዬ «ይመጣል» ትላለች፤ ከዚያ ፊደል እንቆጥራለን። በድራማው አልመጣም። በእውነቱም እስካሁን አልመጣም። ስሟን ሳንጠራ የቀረንበት እሑድ ግን የለም። እኔ ማሠልጠኛ ስገባ አስተማሪው ለሕዝቡ ለትምህርት ሄደች አለ፤ በዚህ ጊዜ እውነት ስለነበር ማንም አልሳቀም። ምትክ ሊያስገቡ ሲሉ እትዬ ልጅ አለኝ ብላ እምቢ አለች። ድራማውም በዚያው ቆመ።

ባለፈው ሳምንት ተመርቄ አጅባር ተመደብኩ። ሁለቱ እናቶቼ አውቶቡሱ ድረስ መጥተው የማን ስንቅ ከላይ ይሁን በሚል ተጨቃጨቁ፤ እኔ ተናድጄ ሁለቱንም ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። ጽሕፈት ቤት ስደርስ የቅጥር ፎርም ሰጡኝ። የእናት ስም በሚለው ላይ ሁለት ስም ጻፍኩ። ጸሐፊው የሚጻፈው አንድ ነው፣ አንዱን ሰርዢ አለኝ።

ቦታው ከጠበበ እናንተ አስፉት አልኩትና እስክሪብቶውን መለስኩለት።