ከደፉ ወዲህ

ሶዶ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከምሰሶው ምስማር የተንጠለጠለ አንድ የቲማቲም ጣሳ ነበር። የሸክላ ሠሪዋ ጣሳ ነው። ሴትዮዋ የእናቴ እኩያ ነች፤ በገበያ ቀን ድስትና እንስራ ተሸክማ ከገጠር ስትመጣ ደጃችን ላይ አረፍ ትላለች። እናቴ በዚያ ጣሳ አሬራ ትቀዳላታለች፤ የተቀቀለ ጎደሬ በእንሰት ቅጠል ታቀርብላታለች። ከዚያ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ወገባቸው ሕመም ሲያወሩ ይቆያሉ፤ እናቴ ከበሩ ደፍ ውስጥ፣ እሷ ከደፉ ውጭ።

በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ «ቺናሻ» ይባላል። ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር አይጋባም፣ አብሯቸው አይበላም፣ ቤቱም አያስገባቸውም። የእኛ ቤተሰብ ከሰሜን የመጣ ነው። ወላይትኛ ለመልመድ ሁለት ትውልድ ፈጅቶብናል፤ ንቀቱን ግን በአንድ ሳምንት ሳንለምደው አልቀረንም። ወተታችን የሚናጠው እሷ በሠራችው ገንቦ፣ ወጣችን የሚሠራው እሷ በሠራችው ድስት ነበር። የእጇን ሥራ እየበላንበት እጇን እንጠየፍ ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ ያንን ጣሳ የማጥበው በሁለት ጣቴ ይዤ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴን የመርሳት ሕመም ያዛት። መጀመሪያ የረሳችው እኔን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች። ቀጥሎ ምግብ እምቢ አለች። ባባብላት፣ ብቆጣት፣ ባለቅስባት አፏን አልከፍት አለች። ሁለት ቀን እንዲህ እንደቆየን የገበያው ቀን ደረሰና ሸክላ ሠሪዋ መጣች። እናቴ ድምፅዋን ከመኝታ ቤት ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ጓደኛዬ መጣች» አለችኝ። «ለምን ደጅ ታስቀምጧታላችሁ? ጎኔ ትቀመጥ።»

እየሮጥኩ ወጥቼ ነገርኳት። ብድግ ትላለች ብዬ ነበር፤ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«አሁን እኮ ማን እንደሆንኩ ረስታለች» አለች ቀስ ብላ። «እያወቀችኝ ብትጠራኝ ነበር ደስ የሚለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጠሪዋ እናቴ መሆኗ ተመችቶኝ ነበር። ጎረቤት ቢያይና ቢጠይቀኝ «አሟት እኮ ነው» ብዬ ልገላገል አስቤ ነበር። ይህን ከፊቴ ያነበበችው መሰለኝ። ከአጥራችን ወዲያ ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ነበር።

«አውቅሻለሁ» አልኳት፣ ጎረቤቴም እንድትሰማ ጮክ ብዬ። «የጠራሁሽ እኔ ነኝ። ግቢልኝ።»

ጫማዋን ደፉ ላይ አውልቃ ገባች። ውሃ አምጥቼ እጇን አስታጠብኳት። ጭቃ የሚያቦኩት ጣቶቿ መሰነጣጠቃቸውን ያን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀምጣ ያቀረብኩላትን ጎደሬ በቅቤ አሸች። እናቴ አፏን እንደ ሕፃን ከፈተችና ጎረሰች፤ ደግማም ጎረሰች።

ሦስተኛውን ጉርሻ ወደ እኔ ዘረጋችው። አፌ ጋ ሳይደርስ ቆም አደረገችው፤ አልጎርስ ብዬ እንዳላሳፍራት ፈርታ ነው። አፌን ከፈትኩ። እያለቀስኩ ጎረስኩ።