እቴቴ ዘነቡና የቡሬ መድኃኒት

ባለፈው ሰሞን ለውሻችን የመዥገር መድኃኒት ልገዛ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለች አንዲት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቼ ነበር። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚወጋ መድኃኒት ይጠይቃል። ሻጭዋ «ለስንት ከብት ነው?» ብትለው ሳቅ ብሎ «ለአንድ ነው፤ ለራሴ» አላት። እሷ አልሳቀችም። ለሰው እንደማትሸጥ፣ እጁንም ሐኪም ቤት ሄዶ እንዲያሳይ ነገረችው። ሰውዬው ሌላ ቦታ አላጣም በሚል ዓይነት ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። ከዚያ ለሚቀጥለው ገዢ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አውርዳ ስትበጠብጠው ከታች የረጋው ነጭ ነገር ተነስቶ ጠርሙሱ ወተት የተሞላ መሰለ፤ እኔም የመጣሁበትን ረሳሁ። ያንን ወተት የሚመስል መድኃኒት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እቴቴ ዘነቡ ቤት፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ መንገዱ ገና ጭቃ፣ አጥሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ በነበረበት ዘመን፣ ላፍቶ ውስጥ ከላሞቿ ጋር ብቻዋን ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። እናቴ «አጫዋች ትሁንሽ» ብላ ከብስራተ ገብርኤል ወስዳ እኔን ሰጠቻት። በስሙ አጫዋችዋ እኔ ነኝ እንጂ የምትጫወተውስ እሷ ነበረች፤ ጭንቅላቷን የላሟ ጎን ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ጭርር ጭርር እያለ፣ ማን ከየት መጥቶ ላፍቶ እንደሰፈረ፣ የማን እናት ስንት ሽማግሌ እንደመለሰች፣ የትኛው ጎረቤት ከየትኛው በምን ነገር እንደተኳረፈ፣ ሳትቸኩል፣ አንዱን ከሌላው እያያያዘች ትነግረኝ ነበር። ጠዋት ወተት ገዢዎች ጠርሙሳቸውን ይዘው ሲመጡ ገና የቆርቆሮው በር ሳይንኳኳ በኮቴያቸው ትለያቸዋለች። ከበረቱ ውስጥ ሆና «አልማዝ፣ ዛሬ ጫማ ቀይረሻል?» ስትል፣ አልማዝ ከውጭ በሳቅ ትፈርሳለች። ጭድ የሚያመጣላት የሰፈሩ ገበሬ ጋሽ ቶላ ደግሞ «አካም ቡልቴ፣ ዘነቡ» ብሎ እንዴት አደርሽ ሊላት ከሩቅ ይጣራል፤ እሷም በተሰባበረ ኦሮምኛዋ የመለሰችለት መስሏት አንዳንዴ ሌላ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ግን አርሟት አያውቅም። ሰው ወተቱን ይዞ ቶሎ አይሄድም ነበር። ከትምህርት ቤት የሚያስረፍደኝም ይኸው ጨዋታ ነበር።

አንድ ክረምት ቡሬ የምትባለው ላሟ ጡቷን ታመመች። ጡቷ አብጦ፣ ወተቱም እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። የከብት ሐኪሙ መጥቶ ወጋትና፣ እቴቴ እጇ ደፋር መሆኑን አይቶ የቀረውን ራሷ እንድትወጋ አሳይቷት፣ ጠርሙሱንና መርፌውን ትቶላት ሄደ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ላሟ እስክትድን፣ ከዳነችም በኋላ ለጥቂት ቀናት ወተቷን ለሰው እንዳትሰጥ አጥብቆ ነገራት። እቴቴ ቃሉን አከበረች። በየጠዋቱ የቡሬን ወተት ለብቻ አልባ፣ እያንገበገባት ከግቢው ጀርባ ትደፋው ነበር። አንድ ቀን ጣቴን ነክሬ ልልስ ስል እጄን መታ አደረገችና «መድኃኒት አለበት። የላም መድኃኒት ለሰው አይሆንም» አለችኝ። ይህን ያለችው ራሷ እቴቴ ናት። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ይኸው ነው።

ቡሬ ዳነች፤ መድኃኒቱ ግን ተረፈ። ክረምቱ ሳይወጣ በረቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቡሬ ስትዞር የእቴቴን እግር ረገጠችው። ቁስሉን በጨው ውሃ ብታጥበውም አመረቀዘ፤ እብጠቱ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወጣ፣ ትኩሳትም ያዛት። ጋሽ ቶላ ጭዱን አውርዶ እግሯን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ጤና ጣቢያ ሂጂ ዘነቡ። ይሄ ነገር ደግ አይደለም።»

«ወረፋ ይዤ ስውል ላሞቼን ማን ያልብልኛል?» አለችው። «ደግሞ መድኃኒቱ እቤት አለ።»

«እሱ እኮ የላም ነው።»

«ላምስ ብትሆን ሥጋና ደም አይደለችም? እሷን ያዳነ እኔን ምን ያደርገኛል?»

ጋሽ ቶላ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እሷም ጠርሙሱን ከመስኮቱ ደፍ አውርዳ በጠበጠችው። «ቡሬ ትልቅ ናት፤ እኔ ያው አንድ ጥጃ ነኝ» አለችና በጥጃ ልክ ቀድታ ጭኗን ወጋችው። ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። እኔ ጥጃ ነኝ ማለቷ አስቆኝ፣ ገለባው ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ።

ክፋቱ እግሯ ዳነ። ባይድን ኖሮ ወደ ሐኪም በሄደች ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥርሷንም ሲያማት፣ ሲያስላትም፣ ብርድ ሲመታትም እጇ ወደዚያ ጠርሙስ ሆነ። ሲያልቅባት «ለላሜ» ብላ ሌላ ታስመጣለች። ላም ያላት ሴት የላም መድኃኒት ብትገዛ ማን ምን ይላታል?

መስቀል ካለፈ በኋላ እቴቴ ጆሮዋ ውስጥ ፌንጣ እንደገባ ነገረችኝ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አዘንብላ ውስጡን እንዳይላት አዘዘችኝ፤ ብፈልግ ብፈልግ ፌንጣ የለም። ለእሷ ግን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ቀጥሎ ማዞር መጣ። ከበረት ወደ ቤት ስትሄድ ግድግዳውን ትደገፋለች፣ ባልዲው እየተንገዳገደ ወተቱ ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። ወተት ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ «በጠዋቱ ጠላ ቀምሳ ይሆን?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እሷም ማዞሩ እንዲለቃት ብላ እንደገና ራሷን ወጋች።

ከዕለታት አንድ ጠዋት ጋሽ ቶላ እንደ ልማዱ «አካም ቡልቴ» እያለ ገባ። እቴቴ ጀርባዋን ሰጥታው ታልባለች። ደገመላት። «ምነው ዛሬ ኮራሽ?» አላት። እኔ ትከሻዋን ስነካት ደንግጣ ዞረች፤ ያየችውም የሁለታችንን አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። «ምነው ድምፃችሁን ዘጋችሁ?» አለችን። ጋሽ ቶላ የተሸከመውን ጭድ ማውረድ አቅቶት እንደቆመ ቀረ።

እናቴ መጥታ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ምን መድኃኒት ስትወስድ እንደቆየች ሲጠይቅ እቴቴ በእናቴ ምልክት ጠርሙሱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች። ሐኪሙ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። በኋላ ለእናቴ ቀስ ብሎ አስረዳት። መድኃኒቱ ውስጥ የጆሮን ነርቭና የሰውን ሚዛን የሚጎዳ ነገር አለ፤ ለሰው ሲታዘዝ እንኳ ተለክቶ፣ በሐኪም ዓይን ስር ነው። እሷ የወሰደችው ግን ለከብት የተዘጋጀውን፣ ያለ ልክ፣ እየደጋገመች ነው። ለእግሯ ቁስልም ለሰው የተዘጋጀና የሚስማማ መድኃኒት አይጠፋም ነበር አለ። «ማዞሩ በጊዜ ብዛት ይቀንስላት ይሆናል። መስማቷ ግን አይመለስም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እቴቴ የእናቴንና የሐኪሙን ፊት ተራ በተራ እያየች «ምን አለ?» አለች። እንደገና «ምን አለ?» አለች። 

ከዚያ በኋላ በሩን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ሰው ሲመጣ እሮጥና ቀሚሷን እጎትታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ወተት ገዢዎቹ እየጮሁ ያናግሯት ነበር፤ ጩኸት እንደማይረዳ ሲገባቸው ለእኔ መናገር ጀመሩ፤ ቆይቶም ወተታቸውን ይዘው ፈገግ ብለውላት መሄድ ብቻ ሆነ። እሷም የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ልኩ ጠፋባት፤ አንዴ ትጮሃለች፣ አንዴ ታንሾካሹካለች። ሰው ሲደነግጥ በፊቱ ታውቅና ታቋርጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ንግግሩን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ወተት ስታልብ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ባልዲው ጭርር ጭርር ይላል፤ እኔ ወሬውን እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ቡሬ ምጥ የያዛት ቀን ረፋዱን ሙሉ ስትጮህ እቴቴ ከቤቱ በስተኋላ ኩበት ስትጠፈጥፍ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥጃው ሞቶ ደረስኩ። እቴቴ ጥጃውን አቅፋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አየኋት። በማግስቱ ጋሽ ቶላን በምልክት ጠርታ ላሞቹን እንዲሸጥላት ለመነችው። እኔንም እናቴ ወደ ብስራተ ገብርኤል መለሰችኝ።

ዓመታት አለፉ፤ ግቢው ለልማት ፈረሰ፣ ባሕር ዛፉ ተቆረጠ፣ ጋሽ ቶላም አረፈ። እቴቴ ለቡ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ደረሳት። ጎረቤቶቿ ደጎች ነበሩ፤ ደረጃው ላይ ሲያገኟት እጅ ነስተው ያልፋሉ። እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ማታ ከሥራ ስወጣ በታክሲ እሄድና ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ታክሲ ውስጥ የተጣሉትን፣ የአለቃዬን ጠባይ፣ የልጄን ተንኮል፣ ድሮ እሷ ትነግረኝ እንደነበረው አያይዤ እነግራታለሁ። አፌን ትኩር ብላ ታያለች፤ ስስቅ ትስቃለች። አንድ ቀን እንዲሁ አውርቼ አውርቼ ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። ለረጅም ጊዜ ባልተነካ፣ በሻከረ ድምፅ «ምን እንዳልሽኝ አልሰማሁም» አለችኝ። «ግን ደስ ይላል። ነገም መጥተሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ሄድኩ፤ እስክታርፍ ድረስም እሄድ ነበር። ለቅሶው ላይ የድሮዎቹ ወተት ገዢዎች ተሰብስበው እሷ ድሮ የነገረቻቸውን እያነሱ አለቀሱም ሳቁም፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ ግን እሷ የተናገረችውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ማን ከየት መጥቶ ላፍቶ እንደሰፈረ የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ የሰማሁት ጥቂቱን ነው፤ ሌላው ሳይወራ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሯት ተቀምጦ፣ አብሯት ተቀበረ።

አሁንም ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ረዳቱ «ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው» ሲል እግሬ ይቆማል። የምነግራትን አሰናድቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኝና ታክሲው እስኪሄድ ጠብቄ፣ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።