ከናሱ ሥር የተጻፈው

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃና የባሩድ ቀንድ የምንሠራ ሰዎች በየዓመቱ አሜሪካ፣ ኬንተኪ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ እኚያን ሽማግሌ ግን ዘንድሮ ገና ማየቴ ነበር። የቱታቸው ጉልበት ተጥፏል፤ ጥፍራቸው በእንጨት ዘይት ጠቁሯል። ነጋዴው ዌንደል «የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ» የሚል ወረቀት የለጠፈበትን ጠመንጃ አንስተው እንደ ሕፃን አቀፉት።

«አባባ፣ በዓይን ብቻ!» አላቸው ዌንደል።

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሳቅንባቸው። «ታዲያ ስምዎ የታለ?» አለ ዌንደል።

«የሰደፉን የናስ ሽፋን ፍታ።»

ዌንደል እየቀለደ ፈታው። ከሥሩ «ሩቲ፣ ስድስት ዓመቷ፣ 1974» የሚል ተቀርጿል። ሳቃችን ቆመ።

«ልጄን የቀበርኩበት ዓመት ነው። የራሴን ስም መጻፍ አላስቻለኝም» አሉ።

ዌንደል የለጠፈውን ወረቀት ቀዶ ጠመንጃውን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን ናሱን በጥንቃቄ መልሰው አሰሩና፣ «ሽጠው፤ ዕድሜ ብቻ አትጨምርበት» ብለውት ሄዱ።